ከሁለት እስከ ስምንት

በሰፈሩ ፍሪጁ የማያቀዘቅዝለት ሰው ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ኢንጂነርን አልጠራም ማለት ነው። ኢንጂነር የተባለው ግን የትም ተምሮ አይደለም። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ጎብኝቶ ከወጣ በኋላ የቀረውን ትምህርት የተከታተለው በሞቱ ፍሪጆች ሆድ ውስጥ ነው። ስሙን ያወጣለት ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ ሲሆን ያወጣለትም ለማሾፍ ነበር። ሹፈት ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ ማዕረግ ይሆናል፤ አሁን የገዛ ሚስቱ እንኳ ስትናደድ ብቻ ሳይሆን ሳትናደድም ኢንጂነር ትለዋለች።

ዝናው ያለው እጁ ላይ ነው። ቴርሞሜትር አይዝም። የእጁን ጀርባ መደርደሪያው ላይ ለአፍታ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈን ያደርግና «አምስት» ወይም «ሰባት» ይላል፤ ባለ ፍሪጁም እንደ ፍርድ ይቀበለዋል። አንድ ሥጋ ሻጭ ሊያሳፍረው ፈልጎ ቴርሞሜትር ገዝቶ ጠበቀው። ኢንጂነር ሦስት አለ፤ ቴርሞሜትሩ አራት አለ። ሥጋ ሻጩ ቴርሞሜትሩን ይዞ ወደ ገዛበት ሱቅ ሄደና ይቀየርልኝ አለ።

የራሱ ቤት ፍሪጅ ከሦስት ሬሳ የተገጣጠመ ነበር። በሩ ነጭ፣ ጎኑ አረንጓዴ፣ ሞተሩ ደግሞ ለሆቴል የተሠራ ነው። ቅዝቃዜው ሲበቃ ሞተሩን የሚያቆመው ቴርሞስታት ከሞተ ሁለት ዓመት ስላለፈው ሽቦውን በቀጥታ አገናኝቶታል፤ ሲፈልግ ይሰካዋል፣ ሲበቃው ይነቅለዋል። ቅዳሜ እቀይረዋለሁ እንዳለ ነው። ቅዳሜ ሲመጣ ግን የሰው ፍሪጅ ይጠራዋል፤ የራስ ፍሪጅ ደግሞ ስልክ አይደውልም።

ሚስቱ በአውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ትቆርጣለች። ቀኑን ሙሉ በመስታወቱ ቀዳዳ ስትጮህ ስለምትውል ቤት ስትገባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቃል ቆጥባ ነው የምትናገረው። ከተጋቡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ የለም። በዚያው ግቢ ውስጥ የሚኖሩት የኢንጂነር እናት ምክንያቱን ከማንም ሐኪም ቀድመው ደርሰውበታል፤ ምራታቸው ሆድ ውስጥ ብርድ ገብቷል። ለአሥራ አንድ ዓመት የሱፍ መቀነት፣ የሞቀ ውሃ፣ የሞቀ ጡብ አዘዙላት። ምራቲቱም ሁሉንም በየተራው ታጠቀች፣ ጠጣች፣ ታቀፈች። ብርዱ አልወጣም።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ቀጭን፣ የተረጋጋ ሰው ነው፤ በማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ሥዕል ሠርቶ አስረዳቸው። የሴቷ እንቁላልና የወንዱ ዘር የሚገናኙት በማህፀኗ ግራና ቀኝ ባሉት ቱቦዎች ውስጥ ነው፤ የእሷ ሁለቱም ቱቦዎች ተዘግተዋል። ስለዚህ በመርፌ ብዙ እንቁላል በአንድ ጊዜ እንዲጎለምስ ይደረጋል፣ ከዚያ እንቁላሎቹ በቀጭን መርፌ ወጥተው ከባሏ ዘር ጋር በብርጭቆ ሰሃን ውስጥ ይገናኛሉ፣ ፅንስ ከሆኑ ጥቂት ቀን ቆይተው ማህፀኗ ውስጥ ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ያለው የሐኪም ሥራ አይደለም፤ ይይዛል ወይም አይዝም።

ኢንጂነር ሥዕሉን ወደ ራሱ አዙሮ አየው። «ገባኝ ዶክተር» አለ። «መስመሩ ስለተዘጋ ከውጭ ሞልታችሁ በሌላ በኩል ታስገቡታላችሁ።»

ሐኪሙ ትንሽ አሰበና እንደዚያም ማለት ይቻላል አለ። ሚስትየዋ ከዚያ ቢሮ የወሰደችው ሌላ ነገር ነው። ማታውኑ ለአማቷ እንዲህ ስትል ተሰማች፦ «እማማ፣ የተዘጋው ቱቦው ነው። ጉድጓዱ ግን ውሃ አለው።» በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ቀና ብላ የተናገረችው ይህን አንዱን ነገር ነበር። እናት ከዚያ ቀን ወዲህ ጡቡን አላሞቁም።

በመጀመሪያው ሙከራ መድኃኒቱ የተቀመጠው ሆስፒታሉ ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ለአሥር ቀን ከሥራ እየሮጠች ሄዳ ነርሷ ትወጋታለች፤ ለአሥር ቀንም መስኮቷን ቀድማ ዘጋች እየተባለ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ሰባት እንቁላል ወጣ። አምስቱ ፅንስ ሆኑ፣ ሁለቱ ተቀመጡላት፣ የቀሩት በሰሃናቸው ላይ ከሰሙ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ደም አየች። ፊቷን ታጥባ ሥራ ገባች፤ የዚያን ቀን ትኬት የገዛ ሰው ሁሉ መልሱን በትክክል ተቀብሎ ሄዷል።

ለሁለተኛው ሙከራ ሲመጡ ሐኪሙ ዕድሜዋ አርባ ሁለት መሆኑን አስታወሳቸውና ይሄኛው የመጨረሻው ቢሆን ይሻላል አላቸው። ነርሷ መድኃኒቱን ስታስረክብ፣ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፣ በረዶ እንዳይሠራ፣ ካስቸገራችሁ እዚሁ ፍሪጃችን ይቀመጥና እንደ ባለፈው ትምጣ ብላ ማስረዳት ጀመረች።

ኢንጂነር ፈገግ አለ። «ሲስተር፣ ይሄን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?»

«የምነግረው ለሁሉም ነው።»

«እኔ ፍሪጅ ነው የምሠራው።»

ነርሷም ፈገግ አለች፤ እንግዲያው ከእኛ ይሻላሉ አለችው። ሚስቱ ወደ እሱ ዞር ብላ በልቧ አሰላች። መሮጡ ይቀርላታል፣ ማስጠንቀቂያው ይቀርላታል፤ በዚያ ላይ የፍሪጅ ባለሙያ ሚስት መድኃኒቷን ይዛ የሰው ፍሪጅ ፍለጋ ብትሄድ ፀጉር አስተካካዩ ዓመቱን ሙሉ ሲያሾፍበት ይኖራል። ቦርሳውን ተቀበለች።

ቤት እንደደረሱ ኢንጂነር ውስጡን አጸዳ፣ ቲማቲሙን አስወጣ፣ ለመድኃኒቱ ምርጡን ቦታ መረጠለት፦ ከጀርባው ብረት ጋር አስጠግቶ፣ ቅዝቃዜው ከሚመነጭበት። እጁን አሳርፎ «አራት» አለ። ፍሪጁን እንደ ወትሮው ጠዋት ጠዋት ሊነቅለው አሰበና ልቡ እንቢ አለው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ወተት ነው የሚበላሸው፣ አሁን ግን ልጁ ነው። ስለዚህ እንደተሰካ ተወው። በሠላሳ ዓመት ሥራው ፍሪጄ አላቀዘቅዝ አለ ብሎ የጠራው እንጂ አብዝቶ አቀዘቀዘብኝ ብሎ ያለቀሰ ደንበኛ አላጋጠመውም።

ሚስቱ ከሥራ ስትገባ እሱ ከመድኃኒቱ ካርቶን አንድ የመርፌ ብዕር በዳበሳ ይመዝዝና መስኮቱ ሥር ያኖረዋል፤ ነርሷ ቀዝቃዛው እንዳያማት ግማሽ ሰዓት ይቆይ ብላለች። ልብሷን ቀይራ፣ እግሯን ታጥባ፣ የሆዷን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥራ ራሷን ትወጋለች። እሱ ፊቱን ያዞራል። ሠላሳ ዓመት ኤሌክትሪክ የነከሰው ሰው መርፌ ይፈራል።

በስድስተኛው ቀን ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ፈልጎ ፈልጎ አጣ። በመጀመሪያው ጊዜ በዚሁ ቀን እንቁላል የያዙ ትናንሽ ከረጢቶች እንደ ወይን ዘለላ ተደርድረው ነበር፤ አሁን ሁለት ብቻ፣ እነሱም የምስር ፍሬ የሚያህሉ። መጠኑን ጨመረና እስኪ እንይ አለ። «እስኪ እንይ» የሚል ሐኪም አይቶ የጨረሰ ነው።

ቤት ሲገቡ እሷ ጋደም አለች። እሱ ቀዝቃዛ ውሃ ሊያመጣላት ፍሪጁን ከፈተ፤ ዓይኑ ግን ወደ ካርቶኑ ሄደ። ካርቶኑ ከጀርባው ብረት ጋር ተጣብቋል። ሲስበው ጠቅ አለ። ታችኛው ጎኑ ላይ እንደ ስኳር የነጣ አመዳይ አለ። ውስጥ ያለውን የመርፌ ብዕር አውጥቶ በብርሃን አየው፤ በመስታወቱ መሃል በረዶ እንደ ክር ተዘርግቷል። የእጁን ጀርባ መደርደሪያው ላይ አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እጁ ቁጥር አልሰጠውም። እንደ ማንም ሰው እጅ በረደው፤ በቃ።

«ውሃው የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው እንዴ?» አለች ከመኝታ ቤት።

ውሃውን ወሰደላት።

በማግስቱ ማንም ወደማያውቀው ሰፈር በአውቶቡስ ሄዶ አንድ ፋርማሲ ገባ። የአንድ ደንበኛው መድኃኒት በረዶ ሠርቶ ኋላ ቀልጦ እንደሆነ ምን እንደሚደረግ ጠየቀ። ፋርማሲስቷ የመድኃኒቱን ስም ስትሰማ ከወንበሯ ተነሳች። ውሃ በሉት አለችው፤ መልኩ አይለወጥም፣ ጉልበቱ ግን የለም። ደንበኛዎ ዛሬውኑ ለሐኪሟ ትንገር፤ ሐኪሙ አቁሞ እንደ አዲስ ይጀምርላታል፤ ሳትነግረው ከቆየች ሰውነቷ እንቢ ያለ ይመስለዋል። ኢንጂነር እነግራታለሁ አለ። ከዚያ የብየዳ መሣሪያውን ለአንድ የሙያ ጓደኛው ሸጠና ያንኑ መድኃኒት በአዲስ ገዛ። ከሥራ ቦታው መደርደሪያ ላይ ያገኘውን አሮጌ ቴርሞስታትም በዚያው ቀን ገጠመ፤ ሁለት ዓመት የጠበቀው ሥራ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። አሮጌውን መድኃኒት በጋዜጣ ጠቅልሎ ጣለ፤ አዲሱን በቦታው ተካ።

ሊነግራት አፉን የከፈተበት ጊዜ ነበር። ግን ራሱን እንዲህ አሳመነው፦ አራት ቀን ቀርቷል፤ አዲሱ መድኃኒት ከደረሰ ደረሰ፣ ከደረሰ ደግሞ ሰው ማስደንገጥ ምን ይሠራል? ለደንበኛ ሲሆን «ሳይቃጠል በቅጠል» እያለ የሚቆጣው ይኸው ሰው ነው።

አንድ እንቁላል ወጣ። በማግስቱ ከሆስፒታሉ ተደውሎ ከዘሩ ጋር ተዋህዷል ተባለ። የዚያን ቀን ኢንጂነር ሁለት ጊዜ ምሳ በላ፣ የአንዲት አሮጊትን ፍሪጅም በነጻ ሠራ። በሦስተኛው ቀን እንደገና ተደወለ። ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ከዚያ ቆመ። ማህፀኗ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር የለም።

ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው ፋይሉ ላይ የጻፈውን አነበበላቸው፤ ሰው ማወቅ ያለበትን ማወቅ አለበት የሚል ዓይነት ሰው ነው። የታካሚዋ የእንቁላል ማምረቻ ለመድኃኒቱ ምላሽ አልሰጠም፤ በራሷ እንቁላል መድገም አይመከርም። ኢንጂነር ጫማውን ሲመለከት ቆየ።

ኮሪደሩ ላይ ሚስቱ «ጉድጓዱም ደርቋል ማለት ነው» አለች፤ ለማንም አይደለም የተናገረችው። ማታ ደግሞ ይህንኑ ራሷ ሄዳ ለአማቷ ነገረች። እናት አቀፏት፣ በእውነት አለቀሱላት። ከዚያም ጡቡን አሞቁ።

እንዲህ ሰባት ወር ሄደ። ፍሪጁ አሁን በትክክል ይሠራ ነበር። ሚስቱ ድምፅዋ ይብስ ዝቅ አለ፤ መንገድ ላይ ነፍሰ ጡር ስታይ ቦታ ለመልቀቅ ያህል የግድግዳውን ጥግ ይዛ መሄድ ጀመረች። እሱ በየሳምንቱ ቅዳሜ እነግራታለሁ ይላል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እናቱ ጠሩትና በሩን ዘጉ። ሚስትህ ትናንት መጥታ ነበር አሉ። ከሌላ ልጅ እንዲወልድ እኔ አልከለክለውም፣ ባዶ ቤት ዘበኛ አይቆምበትም ብላኛለች። እናት ይህን ሲናገሩ ምራታቸውን እያመሰገኑ ነበር፤ ጨዋ ናት፣ ጉድለቷን አውቃ መንገድ የለቀቀች፣ እንዲህ ያለ ሴት ዛሬ የት ይገኛል።

ኢንጂነር ምሳውን ትቶ በቀጥታ ወደ መናኸሪያው ሄደ። ወደ ትኬት ክፍሉ የሚያስገባ በር አለ፤ ለሠራተኛ ብቻ ይላል። ስለዚህ ወረፋ ያዘ። አሥራ አንድ ሰው ከፊቱ ነበር፤ ሁሉም የሚሄዱበትን ያውቃሉ። ተራው ሲደርስ ቀና ሳትል «ወዴት?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«አየሁህ። ወዴት?»

በቀዳዳው በኩል ነገራት። የነገራት እንደ ሥራ ሪፖርት አድርጎ ነው፤ መጀመሪያ ቴርሞስታቱን፣ ቀጥሎ የጀርባውን ብረት፣ ቀጥሎ አመዳዩን፣ ፋርማሲስቷ ያለችውን፣ በመጨረሻ በጋዜጣ የጠቀለለውን። ከኋላው ጆንያ የተሸከመ ሰው ጌታው ትኬት ነው ወይስ አውቶቡሱን ነው የሚገዙት ብሎ ጠየቀ። ሰዉ ሳቀ።

«ስንት ቀን ነው ውሃ የተወጋሁት?» አለች።

«አምስት። ያንን የምሽቱን ካልቆጠርሽ።»

«የምሽቱ የትኛው ነው?»

«ያወቅኩ ዕለት። አዲሱን የገዛሁት በማግስቱ ነው።»

ስለዚህ እያወቀ ቆሞ ስትወጋ አይቷል፤ አይቷል እንኳ አይባልም፣ ፊቱን አዙሯል። የትኬቱን ጥራዝ ወደ ጎን አደረገች።

«ለሐኪሙ አልነገርክም።»

«አልነገርኩም።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች። ከዚያ ለሥራ በምትጠቀምበት ድምፅ፣ በመስታወቱ ቀዳዳ፦ «ቀጣይ!»

ጆንያ የተሸከመው ሰው ገፋ አደረገው።

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። በስድስተኛው ቀን ነግረውኝ ቢሆን አቆም ነበር፣ ከሁለት ወር በኋላ በደህና መድኃኒት ለባለቤትዎ እጀምርላቸው ነበር አለ። ደሟ ተመረመረ፤ ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። ሐኪሙ ቁጥሩን አይቶ ወረቀቱን ገለበጠው። በሰባት ወር ውስጥ የቀራት እንቁላል ሄዷል፤ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ይሮጣል።

«አሁንስ አይሆንም?» አለች።

«ያኔም እርግጠኛ አልነበረም» አለ ሐኪሙ። «ግን ያኔ ሊሞከር ይችል ነበር። አሁን ብሞክር ዋሽቼ ነው የማስከፍልዎ።»

እንግዲያው አንድ ነገር ልለምንዎ አለች። ፋይሉ ላይ ስለ እኔ የተጻፈው ይሰረዝ። ሐኪሙ ፋይሉን አውጥቶ ሰረዘው፣ ከሥሩም ጻፈ፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት መድኃኒት በአቀማመጥ ጉድለት ስለተበላሸ የሰውነቷን ምላሽ ከዚህ መመዘን አይቻልም። ፈርሞበት ቅጂ ሰጣት። በዚያ ሆስፒታል ለሁለት ዓመት ተመላልሳ ይዛ የወጣችው ይህችን ወረቀት ነው።

ከበሩ ውጭ ቆማ «ለእናትህ ማን ይነግራል?» አለችው።

«እኔ።»

«ዛሬ። እኔ ባለሁበት።»

እናት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰሙ። ኢንጂነር አንድ ነገር አላስቀረም፤ ጋዜጣውን ሳይቀር ነገራቸው። ሲጨርስ እናቱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እጁን ሳቡና ሳሙት፣ ያንን ዝነኛውን እጅ።

«አባትህ እንዲህ አልነበረም» አሉት። «ሚስቱን ለመሸፈን ብሎ ሙያውን አያዋርድም ነበር።»

«እማዬ፣ እየሸፈንኩ አይደለም። የሆነውን ነው የምነግርሽ።»

«ይሁን ልጄ። ያንተ እጅ በብርድ ተሳስቶ እንደማያውቅ አገር ያውቃል።»

ወረቀቱን ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው ፊርማውን አዩና ጭናቸው ላይ አኖሩት። ባል አጥብቆ ከለመነው ሐኪም የማይጽፈው ነገር የለም አሉ። ማለ። በማለ ቁጥር ይበልጥ እያዘኑለት ሄዱ። ወደ ምራታቸው ዘወር ብለው፣ «አንቺም አመስግኚ ልጄ» አሉ በደግ ድምፅ፣ «ጉድለትሽን በራሱ ላይ የሚያኖር ባል ለስንቱ ሴት ይሰጣል?»

ምራቲቱ ወረቀቱን ከእናትየው ጭን ላይ አንስታ በአራት አጠፈችው።

በሳምንቱ ወሬው ሰፈሩን ሞላው። ኢንጂነር ለሚያገኘው ሁሉ ይናገር ነበር፤ ለሥጋ ሻጩ፣ ለአሮጊቷ፣ ፍሪጁን ለሚያሠራው ሁሉ። ሰዎቹ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንገቱ ላይ እንደያዘ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አዳመጠና፣ በቃ ገብቶናል ኢንጂነር፣ ወንድ ማለት እንዲህ ነው ብሎ በመስታወቱ ውስጥ ጠቀሰው። የመላጫ ዋጋም አልተቀበለውም። ሥራ እንዲያውም በዛለት፤ ደግ ሰው ቤቱ እንዲገባ የማይፈልግ የለም። ሴቶቹ ደግሞ ሚስቱን ሲያገኙ ድምፃቸውን አለስልሰው ሰላም ይሏታል፤ አለፍ ካሉ በኋላ ዞር ብለው ሆዷን ያያሉ።

አንድ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች፣ ሳትቆጣ፣ «ከእንግዲህ አትንገራቸው» አለችው።

«እውነቱ ነው እኮ።»

«እውነቱ ነው። ለአንድ ሰው በነገርክ ቁጥር ግን አንተ ደግ ትሆናለህ፣ እኔ መካን።»

ሁለተኛውን ጫማ አሰረች፣ ቦርሳዋን አንስታ ወደ መስኮቷ ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢንጂነር ዝም አለ። ሰው ሲያነሳበት ራሱን ይነቀንቅና ሥራውን ይቀጥላል። ሰፈሩም ዝምታውን ከደግነቱ ላይ ደመረለት።